ሆሳዕና ዕለት ያልነበረችው

ማክሰኞ፣ የካቲት 29 ቀን 2003 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም

ታናሽ እኅቴ ያምሮት ዛሬ መጣች። አባየ እስከ ቡሬ በፈረስ ጋሪ አምጥተው አውቶቡስ ላይ አሳፈሯት፤ እኔ መናኸሪያ ቆሜ ተቀበልኋት። የያዘችው አንድ ፌስታል ነው። ስትወርድ ግን እህል ተሸክማ ዳገት የወጣች ትመስል ነበር። ባጃጅ ውስጥ እንደገባን፣ «ሀብቴ፣ ከተማችሁ አየር የለውም እንዴ?» አለችኝ፤ ሀብትነሽ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ሳቅሁ። ከንፈሯ ግን ዶቅማ በልቶ ያልታጠበ ሰው ከንፈር መስሎ ጠቁሯል።

እግሯም አብጧል። እማየ ጨው በዝቶባት ነው ብላለች አሉ። ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ፈተናው እየደረሰ ነው፤ ቶሎ ታክማ መመለስ አለባት። እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች? ግብርና መምሪያ ከተቀጠርሁ ገና ጥቂት ወር ቢሆነኝም ከተማውን አውቀዋለሁ፣ መጠየቅ አላፍርም፣ ወረፋ አልፈራም። ዲግሪ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 1

ሐኪሙ ዶክተር አንዷለም ይባላል። ወጣት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ይሆናል። ደረቷን ብዙ ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ልጅ ሆና ጉሮሮዋንና መገጣጠሚያዋን አሟት ያውቅ እንደሆን ጠየቀኝ። ያውቃል። ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። ያን ጊዜ እንጥሏ ወረደ ተብሎ ተቆረጠላትና ሁሉም ረሳው።

ልብ ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለ። የእሷ በር ደኅና አድርጎ አይዘጋም፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ነው፤ ተራ አለው።

«ተራው ይረዝማል?» አልሁት።

«ይረዝማል። እሷም ቆይታ ነው የመጣችው» አለኝ።

ተራ አስያዝን። ዋናው እሱ ነው። ተራ ከተያዘ ቀን ይደርሳል። ዛሬ ማታ ደስ ብሎኛል ማለት ይቻላል።

እሑድ፣ መጋቢት 11። መፃጉዕ

ከትናንት በስቲያ አስተኟት። አልጋዋ መስኮት አጠገብ ነው። ከጎኗ ከሽንዲ የመጡ አንዲት እናት አሉ፤ ሲያስሉ ክፍሉ ይነቃነቃል፤ ያምሮት «እማማ፣ ግድግዳውን እንዳያፈርሱት፣ ገና ኪራይ አልከፈልንም» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ይስቁና እንደገና ያስላሉ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ የሰማሁትን ወንጌል ነገርኋት። ያ በመጠመቂያው አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው።

«ሠላሳ ስምንት! እኔ ሁለት ቀን ተኝቼ ጎኔ አለቀ።»

«አንች ቶሎ ነው የምትነሽው።»

«ጌታ ግን ምን አለው? ልትድን ትወዳለህን ብሎ ይጠየቃል እንዴ? የተኛ ሰው ምን ሊል ነው፤ ኧረ ተወኝ ተመችቶኛል ሊል?»

ከሽንዲ የመጡት እናት፣ «ተይ የቄስ ልጅ፣ በወንጌል አይቀለድም» አሏት።

«አልቀለድሁም፣ እማማ። እየጠየቅሁ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሀብቴ፣ በትንሣኤ ስንነሣ ይችው ልቤ ናት የምትነሣ ወይስ ሌላ ይሰጡኛል?»

«ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ ይጠግኗታል» አልኋት። ትራሷን አስተካከልሁ። ይህን የመሰለ ነገር ስትጠይቅ አልወድም። ሰው ቶሎ የሚድነው በተስፋ ነው፤ ይህ በጥናትም የተረጋገጠ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

አባየ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ በእግር መንገዱ አቧራ እስከ ጉልበታቸው። በሽተኛው ሁሉ ከአልጋው እየተንጠራራ ተሳለማቸው፤ ያምሮት፣ «አባየ፣ እኔን ሊጠይቁ መጥተው ቆላ ደጋውን ባርከው ሊጨርሱ ነው?» አለቻቸው። ሳቁ። ግንባሯን ዳሰሱ።

ዶክተር አንዷለም ወደ ውጭ ጠራቸው። ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። አቧራ ነው አሉ። የፍኖተ ሰላም አቧራ የታወቀ ነው።

ሲሄዱ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ሀብትነሽ፣ አንች ጠንካራ ነሽ።» አዎ ነኝ። ግን ለምን እንደ ኑዛዜ እንዳሉት አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 24

መራዊ ውዬ መጣሁ። የኮጋ መስኖ ፕሮጀክት የቅጥር ፈተና። ጥሩ ሠርቻለሁ! ከመኪናው መስኮት ያየሁት ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ በዚህ በጋ እንዲህ ለምልሞ! ውኃ የሚጠጣ መሬት ሌላ አገር ነው። ካለፍሁ እዚያው ከገበሬዎቹ ጋር ከማኅበራቱ ጋር እሠራለሁ፤ ያምሮት ከዳነች በኋላ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች። ሁሉንም በመንገድ ላይ አሰብሁት።

ማታ ስደርስ ኦክስጅን አድርገውላታል። እማየ ከገጠር መጥታ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። «የት ነበርሽ?» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 2። ኒቆዲሞስ

አልተኛሁም። ውኃ ከሳንባዋ ቀነሱላት። ዛሬ ሾርባ ጠጣች። ሁለት ማንኪያ። አይ፣ ሦስት። መሻሻል ነው።

ቢሮ ውስጥ ደሞዝ የሚባል ባልደረባዬ (ጠረጴዛው ከእኔ አጠገብ ነው፤ በቀልድ የሚያህለው የለም) «አንቺ ልጅ፣ ሥራ ለቀሽ ነርስ ሆንሽ እንዴ?» ይለኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሪፖርትሽን እኔ ጽፌልሻለሁ፤ ሂጂ» አለኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 7

ከእማየ ጋር ተጣላን። በሹክሹክታ፣ ግን ተጣላን።

ያምሮት ሆሳዕናን ቤቷ ልትውል ፈለገች። አባየም ሰው ልከዋል፦ «ልጅቱን ለሆሳዕና አምጡልኝ» ብለው። ሌላ ምንም አላሉም። ለምን እንደሆነ እማየ አሳምራ ታውቃለች፤ እኔም የቄስ ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ። በሰሞነ ሕማማት ለሞተ ፍትሐት አይደረስም። ጌታ የሚታሰብበት ሳምንት ነው፤ ለሌላ ሙት አይጸለይም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ ፍትሐቱ ቀድሞ፣ ሆሳዕና ዕለት፣ በቁሙ ይደረስለታል። ሰው ዘንባባውን ይዞ ይቆማል፣ ለራሱ የሚደርሰውን ፍትሐት ይሰማል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ይህ ያስቀኝ ነበር።

«ትቁም» አለች እማየ። «አባቷ ሲያነብ ትቁም። ምን ይጎዳታል?»

«መንገዱ ይጎዳታል! ጋሪው ይጎዳታል! ሰኞ ከባሕር ዳር ሐኪም ይመጣል፣ ልብን በምስል የሚያሳይ መሣሪያ ይዞ። ይህን ትተን ለፍትሐት እንውሰዳት? እማየ፣ ፍትሐት እኮ የሙታን ነው!»

እማየ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ያምሮት ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ተዪያት፣ እማየ» አለች። «ሀብቴ ያለችው ይሁን። እሷ ተምራለች።»

እንዲህ ስትል እየቀለደች መሆን አለመሆኗን መለየት አልቻልሁም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 9። ሆሳዕና

ልጅ ዲያቆናት ዘንባባ ይዘው ክፍሉን ዞሩ። ያምሮት ደስ አላት። የዘንባባ ቀለበት ትሠራለች፤ ጣቷ ቶሎ ይደክማል፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ለነርሷ፣ ለሽንዲዋ እናት፣ ለዶክተር አንዷለም። ለእሱ ሲደርስ፣ «ዶክተር፣ ይኸው አጨሁህ፤ ጥሎሽህን አዲስ አበባ ላይ ታመጣለህ» አለችው። ቀለበቱን ጣቱ ላይ አድርጎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት። ደክሞታል፤ ሌሊት ተረኛ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ «አሁን አባየ ጨርሰዋል» አለች።

ምን እንደጨረሱ አልጠየቅኋትም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ሐኪሙ መጣ። መሣሪያውን አየነው። የገዛ ልቧን በስክሪን አየች፤ «ምስኪን፣ እንዴት ትደክማለች» አለች፣ ስለ ሰው እንደምታወራ።

ከምርመራው በኋላ ወደ ቤቷ ብትሄድ ይሻላል አሉን። «ከፈለገች ዛሬውኑ ውሰዷት፣ ያማራትን ስጧት» ነው ያሉት። ይህ ማለት እዚህ የሚያስተኛት ነገር የለም ማለት ነው። ተራው እስኪደርስ ቤቷ ብትቆይ አየሩም ይስማማታል። ነገ እንሄዳለን። ለእማየ ስነግራት፣ «እሺ» ብላ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች። አንድ ነገር እንኳ አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11። ዋንዛ ሚካኤል፣ ከቡሬ ማዶ

ደረስን። እስከ መንገዱ መጨረሻ በመኪና፣ ከዚያ በቃሬዛ። የሰፈራችን ወንዶች ወርደው ጠበቁን። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ያዘለውን እያስቀመጠ ትከሻውን ይሰጣል፤ አንድ ምዕራፍ ተሸክሞ ለሌላው ያቀብላል። ሕማማት ነውና የሚጨባበጥ፣ የሚሳሳም የለም። ዝም ብለው ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ይሸከማሉ።

«ንግሥት ሆንሁ እኮ» አለች ያምሮት ከላይ። «ሀብቴ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ ግን በሰው ትከሻ።»

አባየ ከዋንዛው ሥር ቆመው ነበር። መስቀላቸውን አላወጡም፤ በሕማማት አይሳለሙበትም። እጃቸውን ብቻ ደረቷ ላይ አኖሩ።

ረቡዕ

ሊነጋጋ ሲል።

ያምሮት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

መጻፍ ካልቻልሁ ምን እሠራለሁ? ሙሾ አላውቅም። እማየ ታውቃለች፤ ድምፅዋ ጠፍቷል።

ትናንት ከቀትር በኋላ ተቀበረች። ፍትሐት የለም። ደወል የለም። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የሚላት የለም። አባየና ሌሎቹ ካህናት በጥቁር ልብስ ቆመው ዝም አሉ፤ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ በሰሌን ወረደች። ሰሌኑም የዘንባባ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ከዚያው ቅጠል ቀለበት ትሠራ ነበር። ድንጋዩ ሲደረደር የሚሰማው እሱው ብቻ ነበር፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ።

ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ጎረቤታችን እትየ ንግሥቴ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያምሮትን በአራስነቷ ያዘሉ ናቸው።

«ፍትሐት እንኳ ሳታገኝ፣ እንዲያው እንደ ዘላን» አሉ።

«ሆሳዕና ዕለት ብትቆም ኖሮ ተደርሶላት ነበር» አለች ሌላዋ።

«አባቷ አምጡልኝ ብለው ልከው ነበር አሉ። ማን ከለከለ?»

«የተማረችዋ ናታ።»

ከዚያ አዩኝ። እትየ ንግሥቴ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ ሆዴ» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ይህ ነው የከፋው፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 14። ስቅለት

ሣልስቷ ዛሬ ነበር። ስቅለት ላይ ዋለና ሣልስት አይባልም። ሁሉም ሄዶ ይሰግዳል። እኔ አልሰገድሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጉብታው ላይ ወጣሁ፤ የስልክ መስመር የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ማን ይደውልልኛል ብዬ እንደወጣሁ አላውቅም።

ደሞዝ ደወለ። «የኮጋው ውጤት ወጣ! አንደኛ! አንደኛ ነሽ እኮ፣ የምሳ ግብዣ አለብሽ!» የእኛን ሐዘን ገና አልሰማም ነበር። «እሺ» አልሁት። «ምነው፣ ደስ አላለሽም?» «እሺ» አልሁት እንደገና። ስልኩን ዘጋሁ። ከጉብታው ላይ መቃብሯ ይታያል፤ አፈሩ ከሌላው የቀላ ነው።

ትድናለች ስል የነበረው ለማን ነው? ለእሷ ነው ወይስ ለራሴ? መንገዱ ይጎዳታል አልሁ። ማክሰኞ ያው መንገድ አልነበረም? ያችው ቃሬዛ፣ ያው ዳገት። ሆሳዕና ዕለት ብትሄድ የአባቷን ድምፅ ሰምታ ነበር።

አሁን እዚያ ታች ሰዎች «እግዚኦ» እያሉ ይሰግዳሉ። ከነገ ወዲያ ተነሣ ሊሉ ነው። የማን አባት ነው እዚያ ቆሞ ተነሣ የሚለው? የእኔ ነው። እንዴት አድርገው ሊሉት ነው?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 15። ቀዳም ሥዑር

ጠዋት የደብራችን መሪጌታ አድማሴ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ቄስ ወልደ ዮሐንስ፣ ሐዘንተኛ ነዎ። የዛሬውን ሌሊት ከቡሬ ሌላ ካህን እናምጣ፤ ማንም አይታዘብዎ» አሉ።

አባየ፣ «እስቲ እንያ» ብለው ወጡ። ቄጠማ ሊያድሉ ነው የወጡት! እንደ ወትሮው፣ ቤት ለቤት፣ ቃጭል እያስመቱ። የእኛን ቤት መጨረሻ ላይ አደረጉት። ሁለት ዲያቆናት አስከትለው እንደ እንግዳ ገቡ፤ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» አሉ። በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፣ ትንሣኤውንም ገለጠ ማለት ነው። እማየ ከመሬት ሳትነሣ ራሷን ዝቅ አደረገችላቸው። ቄጠማውን በራሷ ዙሪያ፣ በሐዘን ነጠላዋ ላይ አሰሩላት። አረንጓዴው በጥቁሩ ላይ።

ወደ እኔ ሲመጡ ራሴን አሸሸሁ።

«ለእኔ አይሁን፣ አባየ። ያለ ፍትሐት ለቀበርናት ምን ሊሏት ነው? ትንሣኤሁ አግሀደ ሊሏት ነው?»

እንዲህ አልሁ፣ በዲያቆናት ፊት። አባየ ልጆቹን በዓይናቸው አስወጧቸው። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቄጠማው እጃቸው ላይ ነው።

«ማን ነው ፍትሐት አላገኘችም ያለሽ?»

«አገሩ ሁሉ። እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ አንቱም ያውቃሉ።»

«ፍትሐቱ ለቆመው ብቻ አይደለም። በሕማማት ለሚያርፍ ሁሉ ነው፣ ባሕር ላይ ላለም፣ አልጋ ላይ ላለም። ይህን ንግሥቴ ባታውቀው አልፈርድባትም። አንች ግን የቄስ ልጅ ነሽ።»

እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ስም አይነሣበትም» አሉ። «ለሁሉ ስለሆነ ስም አይነሣም። እኔ አነሣሁ። እህተ ማርያም ብዬ፣ በክርስትና ስሟ። ሙት እንደሚነሣ አንሥቼ አነበብሁላት። አጠገቤ ያሉት ካህናት ሰምተው ቀና አሉ።» እጃቸው ቄጠማውን ይበጣጥሰዋል። «ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ያኔ መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ነገረኝ። አንች ትድናለች አልሽ፣ እናትሽ በልቧ ትድናለች አለች፣ እሷ ራሷ ቀለበት ትሠራ ነበር አሉኝ። እኔ ነኝ፣ አልዓዛርን አስነሣው እያልሁ የማስተምረው እኔ፣ ልጄን በሕይወቷ የፈታኋት። አንዲት ቀን እንኳ፣ ሀብትነሽ፣ ምናልባት ብዬ አልጸለይሁም። አምጡልኝ ብዬ የላክሁት ልትድን አይደለም። ልሰናበታት ነው።»

አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ድምፅ የለውም። ጢማቸው ብቻ ይርሳል።

ይህን ሁሉ ቀን የበደልሁት እኔ ብቻ መስሎኝ። እሳቸው ተስፋ ስለቆረጡ ራሳቸውን ይከስሳሉ፤ እኔ ስላልቆረጥሁ። አንዳችን ልክ ብንሆን ያምሮት ትኖር ነበር? አትኖርም ነበር። ይህን አሁን ነው ያሰብሁት፣ ስጽፈው።

ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ከተበጣጠሰው የተረፈውን ቄጠማ አሰሩልኝ። አምኜ አልነበረም። እጃቸው የሚሠራው እንዲያገኝ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 16። ትንሣኤ

ከቡሬ ካህን አልመጣም። አባየ እኔ እለዋለሁ አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። እማየን ደግፌ በሴቶች በኩል ቆምን፤ ሰው ሸሸት ብሎ ቦታ ለቀቀልን፣ ለሐዘንተኛ እንደሚለቀቅ። ለሁሉም ጧፍ ተሰጠ። እኔ አልለኮስሁም። ያዝሁት ብቻ።

ሰዓቱ ሲደርስ አባየ በነጭ ልብሰ ተክህኖ ወጡ። ረቡዕ በጥቁር ያየሁት ሰው። መስቀሉን አነሡ።

«ክርስቶስ» አሉ።

ቆሙ።

ሰው ጠበቀ። ዜማ የሚያሳምሩ የመሰለው ነበር። ከዚያ ገባው። ከፊት ያሉት አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ አድማሴ ሊቀበሏቸው አንድ እርምጃ ራመድ አሉ፣ ደግሞ ቆሙ። አባየ አፋቸው ተከፍቷል። ተንሥአ የሚለው ቃል አልወጣቸውም። እኔ ስለ እሳቸው መለመን የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ካለህ፣ አልሁ፣ እኔን ተወኝ፣ እሳቸውን አታሳፍራቸው።

ከጎኔ እልልታ ተሰማ።

ቀጭን፣ የተሰነጠቀ። ሦስት ቀን ሙሾ ያወረደ ጉሮሮ እልል ሲል እንዲያ ነው። ማን እንደሆነች ለማየት ዞርሁ። እማየ ናት። ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ምነው! ኧረ ምነው እመቤቴ!» ብለው እትየ ንግሥቴ ክንዷን ያዟት። ሐዘንተኛ እልል አይልም፤ ልጇን በቀበረች በአምስተኛው ቀን ቀርቶ በዓመቱም አይልም። እማየ ክንዷን አስለቀቀች። ደገመች። ብቻዋን። ማንም አላገዛትም። ሦስተኛ አለች። አራተኛውን ስትል ድምፅዋ ጨርሶ ጠፋ፣ ምላሷ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር።

«ተንሥአ እሙታን!» አሉ አባየ። አላዜሙትም። ጮኹት፤ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጮኹ።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ተናወጠ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ወንዱ ሴቱ። እትየ ንግሥቴ ራሳቸው እያለቀሱ እልል ይሉ ነበር። ጧፌን ማን እንደለኮሰልኝ አላውቅም።

አሁን ነግቷል፤ ቤት ነን። ዶሮ የሠሩልን ጎረቤቶች ናቸው። እማየን ጠየቅኋት፦

«እማየ፣ እልል ያልሽው ለአባየ ነው?»

«ለእሱማ እግዜር አለለት።»

«ታዲያ? ሰው ምን ይላል?»

ቁራሹን እንጀራ አልጎረሰችውም፤ በእጇ እንደያዘችው ነበር።

«ስትወለድ ሦስት ነው ያሉላት» አለችኝ። «ለወንድ ሰባት ይባላል፣ ሴት ናት ብለው በሦስት ተዉት። አራት ቀርቷት ነበር። ሟች ይነሣል ከተባለ ዳግመኛ መወለድ አይደል? የቀረውን ሞላሁላት።»

ከዚያ ጎረሰች። ከሮብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19

ወደ ፍኖተ ሰላም ልመለስ ወጣሁ። ሰኞ መራዊ ሥራ እጀምራለሁ፤ እቀራለሁ ብዬ ነበር፣ እማየ እምቢ አለች። «ተቀምጠሽ እኔን ልታይ? ሂጂ፣ ሰው ውኃ ይጠብቃል።» አባየ እስከ ቡሬ ሸኙኝ። ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ስለ ዝናብ አወራን፤ ስለ ወንድማቸው በሬ አወራን።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። አባየ መስቀላቸውን አወጡ። አሁን መሳለም ይቻላል።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉኝ፣ ዝግ ብለው። ለሕዝብ የሚሉት ሰላምታ ነው፤ እየተቀባበሉ ይባላል፤ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አልሁ። አፌ ያውቀዋል።

«አሰሮ ለሰይጣን።»

«አግዐዞ ለአዳም።»

«ሰላም።»

«እምይእዜሰ።» ከእንግዲህ ወዲህ።

«ኮነ» አሉ። ሆነ።

የእኔ ተራ ነው። ፍሥሐ ወሰላም። ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው። ሁለት ቃል ናት፤ ሕፃን ያውቃታል። አልወጣችልኝም። ረዳቱ፣ «እኅት፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው!» አለ። ሰው ከመስኮት ያያል። አባየ መስቀሉን ይዘው ቆመው ነበር፤ አልረዱኝም፣ አልጨረሱልኝም።

«አልቻልሁም፣ አባየ።»

«አይዞሽ» አሉ። «በዓሉ ሃምሳ ቀን ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ በየቀኑ ይባላል። ለምን ይመስልሻል እንዲህ ያረዘሙት አበው? ባንድ ቀን የሚለው ሰው አጥተው ነው።»

መስቀሉን ሳምሁ። አውቶቡሱ ወጣ። እስክንታጠፍ ድረስ ቆመው ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20። ፍኖተ ሰላም

ክፍሌ እንደነበረ ነው። ደሞዝ ሰምቶ ኖሮ በር ላይ ጠበቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም፤ እንጨቱን ፈለጠልኝ፣ ውኃ ቀዳልኝ፣ ሄደ።

በሩን ዘግቼ ሞከርሁ። ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። የአባየንም የራሴንም ተራ እኔው እያልሁ መጨረሻው ላይ ደረስሁ። ከሁለቱ ቃል ሰላም የሚለውን አልሁት፤ ቀድሞ እሱ ወጣልኝ። ፍሥሐ ገና ነው።

ነገ እንደገና እሞክራለሁ።